ኮከብ የሌለበት የኮከብ ክበብ

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን፣ ቸርኬው ተደውሎ፣
የቡሬ ሕፃን ሁሉ በበሩ ሲወጣ ተገፋፍቶ፣ ዘሎ፣
አሥራ አራት ይቀራሉ።
አንዳንዴም ዘጠኝ ናቸው፤ በገበያ ዕለት ዕቃ ይጠብቃሉ።

ስማችን ተጽፏል በመጋዘኑ በር፦
«የሥነ ፈለክ ክበ…»፤ መጨረሻዋ ላይ ቀለም አልቆ ነበር።

ችግሩ ይሄ ነው፣ ልናገር ከጅምሩ፦
ኮከብ የሚወጣው ልጆቼ ቤት ገብተው በር ሲቀረቅሩ።
አሥራ አንድ ተኩል ላይ እናት ትጣራለች፣
ከብትም ይገባል፣ ውሃም ይቀዳል፣ ታናሽ ታለቅሳለች።
እኔም ያለ ኮከብ ኮከብ አስተምራለሁ፤
በአሥር ሰዓት ፀሐይ ጣቴን ቀስሬ
«እዚህ ጋ ነች አንዷ፣ አትታይም» እላለሁ።

«እመኑኝ» አልልም። ሳይንስ ነው ሥራችን።
ዱላ እንተክላለን ሜዳው መካከል ላይ፤ ከጥላው ጫፍ ጠጠር ያኖራል እጃችን።
ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ጠጠሩ ብቻውን ፀሐይ ላይ ቀርቶ፣
ጥላውን ያገኙታል ሌላ ቦታ ተኝቶ።
«ማን ነካው?» ትላለች ትጓደድ ተቆጥታ።
«እኛ ነን የሄድነው፣ ከነዱላው፣ ከነሜዳው፣ በአንድ አፍታ።»
እግሯን ታያለች። ጫማዋን ታያለች።
«እኔ ግን እዚሁ ነኝ» ብላ ትምላለች።

ቴሌስኮፕ አለችን፤ የቧንቧ ቁራጭ ናት፣
ጡረተኛው ፖስተኛ የማንበቢያ መነጽሩን አንድ ዓይን የለገሳት።
እሱ በቀረችው ዳዊቱን ይደግማል፤
እኛ በሰጠን ስናይ ሁሉም ይገለበጣል፦
ባሕር ዛፉ ቁልቁል ያድጋል፣
የቴሌው ማማ በአናቱ ይቆማል።

ታኅሣሥ ነበረ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ።
«ጨረቃ ላይ ደርሶ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው» አልኩ፤ «ከእኛስ ማን አለ
ደርሶ መምጣት የሚሻ?» እጅ ሁሉ ወጣ።
አንማው ከኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እዚያ ነበርኩ» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተንጣጣ።

«ጨረቃ ቤት ነው የኛ፤ ከወፍጮው በታች ነው፤
አባቴ በአንድ ሌሊት፣ እሷ ስትወጣለት፣ ምሰሶ አቁሞ ቆርቆሮ መታው።
መብራት አላስፈለገው። እኔ ሚስማር ይዤ
በአፌ፣ አምስት አምስት፣ ‹ዝም በል› ተብዬ፣ እሷን ሽቅብ እያየሁ ፈዝዤ።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ሞተ።
«አሁንስ?» አለ አንዱ።
«መጥተው ቁጥር ጻፉበት፣ በቀይ ቀለም።»
«ከዚያስ?»
«በሳምንቱ ግሬደር መጣ። አሁን የለም።»

በዕቅዴ የነበረው «የጨረቃ ጉድጓዶች» ነው፤
ለዚህኛው ትምህርት ቢሮ የላከው መርጃ መሣሪያ የትኛው ነው?

ጸዳሉ ናት ያዳነችኝ፣ በመስኮት ተመልክታ፦
«ቲቸር! ያቻትና! በቀን!» በምሥራቅ በኩል፣
ፈዛዛ፣ ግማሽ፣ እንደ ታጠበ ሻሽ ሰማዩ ላይ ተሰጥታ።

ወጣን። ሌላ ጊዜ ለተራ ይጣላሉ፤
ያን ዕለት ማንም ሳያዛቸው «አንማው ይጀምር» አሉ።
ቆየ።
ትንፋሹ ሌንሱን አደበዘዘው፤ በኮሌታው ጠረገው፤ ደግሞ አየ።
«ቡራቡሬ ናት» አለ «እንደ አገራችን ስም፤ ነጭም ጥቁርም አለባት፤
ሜዳዋም ሰፊ ነው፤ ሰው አልሰፈረባት።»
አንድ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ወደ እኔ ዞረ፦
«ቲቸር፣ እዚያስ ቀበሌ አለ?»

አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። እናቶች ተጣሩ።
ሪፖርቴን ጻፍኩ፦ «የተገኙ፦ አሥራ ሁለት። የታየ፦ ጨረቃ፣ በቀን።»
«ያልተመለሰ ጥያቄ» የሚለውን ዘለልኩት፤ ጠባብ ነው መስመሩ።

ማታ በወፍጮው በታች በኩል ሳልፍ ሰማሁ፦
ቋ፣ ቋ፣ ዝም። ቋ። መዶሻ ነው፣ በጨርቅ የታፈነ።
ሽቅብ አየሁ።
ቀን ያየናት ናት፤ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤
አሁን ግን ታበራለች፣ ለሚስማር ትበቃለች።
እርምጃዬን አለዘብኩ።
የእጅ ባትሪዬን አጠፋሁ።